ዲጎክሲን ታዞላችኋል? ከመዋጣችሁ በፊት ትርታችሁን ቁጠሩ

“ትናንት ረስቼው አደርኩ። ዛሬ ሁለቱን አንድ ላይ ልዋጣቸው?”

የምሠራው ደብረ ብርሃን ፋርማሲ ውስጥ ነው። እንደዚህ ጥያቄ ደጋግሞ የሚመጣብኝ የለም። ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከሸዋ ሮቢት ለክትትል የሚመጡ ሰዎች ይጠይቁኛል። እናታቸውን ወይም አባታቸውን የሚያስታምሙ ልጆችም ይደውላሉ። መልሱ “ሁለት አትዋጡ” ነው። ግን ሰው ወረፋ እየጠበቀ ምክንያቱን አብራርቶ መጨረስ አይቻልም። ስለዚህ ሙሉውን እዚህ ጻፍኩላችሁ።

ዲጎክሲን የልብ ምታቸው ለተዛባ ሰዎች ይታዘዛል። በተለይ የላይኛው የልብ ክፍል ያለ ሥርዓት እየተርገበገበ ልባቸው ለሚፈጥንባቸው ነው። የልብ ድካም ላለባቸውም ይሰጣል። ሥራው የፈጠነውን ምት ማርገብ ነው፤ የተዛባውን ቀጥ ማድረግ አይደለም። መድኃኒቱን እየወሰዳችሁም ትርታችሁ አንዴ ቀደም፣ አንዴ ዘግየት ሊል ይችላል። ይህን አይታችሁ “አልሠራልኝም” ብላችሁ አትጨምሩ፣ አታቁሙም።

አንድ ነገር አጥብቃችሁ ያዙ። የዲጎክሲን የሚያድነው መጠንና የሚጎዳው መጠን በጣም ይቀራረባሉ። ከሰውነት የሚወጣው ደግሞ በአብዛኛው በኩላሊት በኩል ነው። ኩላሊቱ ደህና የሆነ ሰው እንኳ ከዋጠው ግማሹን ለማስወጣት ከአንድ ቀን ተኩል እስከ ሁለት ቀን ይፈጅበታል። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ከዚያም ይረዝማል። ስለዚህ አንድ ቀን ብትረሱ ሰውነታችሁ ባዶ አልሆነም፤ የከትናንት ወዲያው አሁንም አለ። በዚያ ላይ ሁለት ከዋጣችሁ ይከማቻል።

መጠኑን የሚወስነው ሐኪማችሁ ነው። ይህ መመሪያ የታዘዘላችሁን በትክክል እንድትወስዱ ነው። ሐኪማችሁ ለእናንተ ብሎ የተለየ ነገር ካዘዘ የእሱን ተከተሉ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ስሙና መጠኑ የሚነበብ የመድኃኒቱ ማሸጊያ። ፍሬውን አውጥታችሁ በወረቀት ጠቅልላችሁ አታስቀምጡ።
- ሴኮንድ የሚያሳይ ሰዓት ወይም ስልክ።
- አንድ ደብተርና እስክሪብቶ።
- ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የቀን መቁጠሪያ።
- ልጆች የማይደርሱበት፣ ክዳን ያለው ደረቅ ዕቃ።
- የምትወስዷቸው መድኃኒቶች ሁሉ ዝርዝር። ባህላዊውም ይግባበት።
- የክትትል ክፍላችሁ፣ የፋርማሲያችሁና የወረዳችሁ አምቡላንስ ስልክ ቁጥር። ደብተሩ ሽፋን ላይ በትልቁ ጻፉት።

1. ከፋርማሲው ሳትወጡ ማሸጊያውን አንብቡ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የዲጎክሲን አንዱ ማሸጊያ ላይ “0.25 ሚሊ ግራም” ይላል። ሌላ ፋብሪካ የሠራው ላይ “250 ማይክሮግራም” ይላል። ሁለቱ አንድ ናቸው። 0.125 ሚሊ ግራም የሚለውና 125 ማይክሮግራም የሚለውም አንድ ናቸው። የ0.125 ፍሬ የ0.25ቱ ግማሽ ነው።

ታካሚው ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ሲያራግፍ ሁለት ማሸጊያ ይወጣል። አንዱ ከዚህ ፋርማሲ፣ ሌላው ከሌላ ከተማ የተገዛ። ቀለማቸው አይመሳሰልም፤ አንዱ ላይ 250፣ ሌላው ላይ 0.25 ተጽፏል። ሁለት የተለያየ መድኃኒት መስሎት ከሁለቱም በቀን አንድ አንድ ይውጣል። ይህ ዕጥፍ መጠን ነው። መድኃኒቱ የጠፋ ጊዜ ከሌላ ቦታ ስትገዙ የድሮውን ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱና “ይህና ይህ አንድ ነው ወይ? መጠኑስ?” ብላችሁ ጠይቁ።

ግማሽ ፍሬ ከታዘዘላችሁ መሐሉ ላይ የመስበሪያ መስመር ያለው መሆኑን እዩ። በጥርስ አትስበሩ። ፋርማሲው በትክክል እንዲከፍልላችሁ ጠይቁ፤ ወይም የግማሹን ያህል መጠን ያለው ፍሬ ካለ እሱን ይስጧችሁ።

ዋርፋሪንም የምትወስዱ ከሆነ ሁለቱን በተለያየ ዕቃ አስቀምጡ። ዋርፋሪን ደም እንዳይረጋ ነው፤ ዲጎክሲን ምት ለማርገብ ነው። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም። ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች የዲጎክሲኑ ዕቃ ላይ ቀይ ክር እሰሩበት። ፍሬው እየተመሳሰለ “ነጩ ነው፣ ትንሹ ነው” ማለት አያዋጣም።

2. የማይለወጥ ሰዓት ምረጡ

ዲጎክሲን አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንዴ ነው የሚወሰደው። ለብዙ ሰው ማታ፣ ለምሳሌ ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ ይመቻል። ምክንያቱ ሁለት ነው።

አንደኛው የደም ምርመራ ነው። በደም ውስጥ ያለው የዲጎክሲን መጠን የሚለካው ከተዋጠ ቢያንስ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። ቀደም ብሎ ከተቀዳ ያልሆነ ከፍተኛ ቁጥር ያሳያል። ማታ የምትወስዱ ከሆነ ጠዋት ክትትል ስትሄዱ ሰዓቱ ልክ ይሆናል።

ሁለተኛው ጾም ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው የጠዋቱን መድኃኒት እየዘለለ ይቆያል። ማታ ከሆነ ግን ከሚፈሰክበት ሰዓት በኋላ ስለሚሆን አይጋጭም። ረመዳን የምትጾሙም ከአፍጥር በኋላ ማድረግ ትችላላችሁ። የምትቆርቡ ከሆነ ቀኑን አስቀድማችሁ ለሐኪማችሁም ለንስሐ አባታችሁም ንገሩ። የዚያን ቀን ሰዓቱ እንዴት እንደሚሸጋሸግ ቀድሞ ይወሰን እንጂ ሌሊቱን በራሳችሁ አትዝለሉት።

አሁን ጠዋት እየወሰዳችሁ ከሆነ ወደ ማታ ለማዞር መጀመሪያ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት አማክሩ። የስልክ ደወል ስትሞሉ ደግሞ ተጠንቀቁ። ስልኩ በፈረንጅ ሰዓት የሚቆጥር ከሆነ የእኛ ምሽት 1 ሰዓት እሱ ላይ 19:00 ነው።

3. ከመዋጣችሁ በፊት ትርታችሁን ቁጠሩ

ይህን ደረጃ አትዝለሉ። መድኃኒቱ ከበዛ መጀመሪያ ከሚታዩት ምልክቶች አንዱ ልብ ከልክ በላይ መዘግየቱ ነው። ከመዋጣችሁ በፊት ከቆጠራችሁ ችግሩን ሌላ ፍሬ ሳትጨምሩበት ትደርሱበታላችሁ።

አቆጣጠሩ እንዲህ ነው።

ተቀመጡ። ከመንገድ ወይም ከሥራ ከገባችሁ ቢያንስ 5 ደቂቃ ዕረፉ። ቡና ጠጥታችሁ ወይም ደረጃ ወጥታችሁ ወዲያው አትቁጠሩ፤ ምቱን ያፈጥነዋል። የደብረ ብርሃን ብርድ ጣት ያደነዝዛል። እጃችሁን ጋቢ ውስጥ አሙቁት፤ የምትለኩለት ሰው እጅም ይሙቅ። በቀዘቀዘ እጅ ትርታ ማግኘት ያስቸግራል።

መዳፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ክንዱን ጭን ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ አሳርፉት። ከአውራ ጣቱ ሥር በእጅ አንጓው በኩል ውረዱ። በጠርዙ አጥንትና በመሐሉ ጅማት መካከል ጎድጎድ ያለ ቦታ ታገኛላችሁ። የሌላውን እጅ ሌባ ጣትና የመሐል ጣት እዚያ ላይ አሳርፉ። በአውራ ጣት አትለኩ። አውራ ጣት የራሱ ጉልህ ትርታ ስላለው የእናታችሁን ትታችሁ የራሳችሁን ልትቆጥሩ ትችላላችሁ። አጥብቃችሁ ከተጫናችሁ ትርታው ይጠፋል። ቀስ ብላችሁ ለቀቅ ስታደርጉት ይመለሳል።

ሙሉ 60 ሴኮንድ ቁጠሩ። 15 ሴኮንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ምቱ ለተስተካከለ ሰው ይሆናል፤ ለተዛባ አይሆንም። ያቺ 15 ሴኮንድ የፈጠነበት ላይ ከዋለች ቁጥሩ ይበዛል፤ የዘገየበት ላይ ከዋለች ያንሳል። ለስለስ ያለችውንም፣ ጠንከር ያለችውንም እኩል አንድ ብላችሁ ቁጠሩ። ሁለት ሰው ካላችሁ አንዱ ይቁጠር፣ አንዱ ሰዓት ይይዝለት። ሰዓት እያዩ መቁጠር ቁጥር ያስጠፋል።

የኤሌክትሪክ ግፊት መለኪያ ያላችሁ “እሱ ራሱ ያሳየኛል” ትላላችሁ። ምቱ ለተዛባ ሰው ማሽኑ ይሳሳታል። በእጃችሁም ቁጠሩ።

አንዳንዱ ደካማ ምት የእጅ አንጓ ድረስ አይደርስም። ነርሷ ደረት ላይ በማዳመጫ ስትቆጥር ከእናንተ ከፍ ያለ ቁጥር ብታገኝ አትደናገጡ። ክትትል ስትሄዱ እናንተ በእጅ፣ እሷ በማዳመጫ እኩል ቁጠሩና ልዩነቱን ደብተራችሁ ላይ ጻፉት። ሐኪሙ የእናንተን ቁጥር ሲያይ ያንን አስቦ ያነበዋል።

4. ቁጥሩን አይታችሁ ወስኑ

- ከ60 እስከ 100 ከሆነና ደህና ከሆናችሁ፦ የታዘዘውን ውሰዱ።
- ከ60 በታች ከሆነ፦ 10 ደቂቃ አርፋችሁ እንደገና ቁጠሩ። አሁንም ከ60 በታች ከሆነ የዛሬውን አትዋጡ። ቁጥሩን ጻፉና ለሐኪማችሁ ደውሉ። ሌሊት ከሆነና ምንም የማይሰማችሁ ከሆነ ጠዋት ደውሉ፤ አንድ ፍሬ መዘግየቱ አይጎዳችሁም። ማዞር፣ ማስመለስ ወይም ራስ መሳት ካለበት ግን በዚያው ሌሊት ወደ ሕክምና ሂዱ።
- ዕረፍት ላይ ሆናችሁ ተደጋግሞ ከ100 በላይ ከሆነ፦ የታዘዘውን ብቻ ውሰዱና ለሐኪም ንገሩ። በራሳችሁ አትጨምሩ። ትኩሳት፣ የደም ማነስ ወይም የእንቅርት ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ዲጎክሲን ቢጨመር ምክንያቱ አይድንም።
- ከ120 በላይ ሆኖ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ካመመ፦ ድንገተኛ ነው፤ ሂዱ።

ለአንዳንድ ሰው ሐኪሙ ከ60 የተለየ ዝቅተኛ ቁጥር ሊያስቀምጥ ይችላል። “የእኔ ስንት ነው?” ብላችሁ ጠይቁና ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፉት።

ሌላም የሚያታልል ነገር አለ። ለዓመታት ሲዛባ የኖረ ትርታ በድንገት እንደ ሰዓት ቀጥ ብሎ ዝግ ይላል። ሰው “ዳንኩ” ብሎ ይደሰታል። ይህ ዲጎክሲን የበዛበት ምልክት ሊሆን ይችላል። ያን ቀን ሌላ ፍሬ ሳትውጡ ደውሉና የልብ ምርመራ፣ ኢሲጂ፣ ይነሣላችሁ።

5. ዋጡና ወዲያው ምልክት አድርጉ

በአንድ ብርጭቆ ውሃ ዋጡ። ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይቻላል፤ ግን ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አድርጉት። ፋይበር የበዛበት ምግብ ወደ ደም የሚገባውን መጠን ይቀንሳል። አንድ ቀን በባዶ ሆድ፣ አንድ ቀን ገብስ በሶ በልታችሁ በላዩ ላይ ከዋጣችሁ መጠኑ ይዋዥቃል።

ከዋጣችሁ በኋላ የቀን መቁጠሪያው ላይ የዕለቱን ቀን ሰርዙ። ከመዋጥ በፊት አይደለም። ደብተሩ ላይ ደግሞ ቀኑን፣ ቁጥሩን፣ የተሰማችሁን በአንድ መስመር ጻፉ። “ጥቅምት 12፣ 72፣ ደህና” ይበቃል። ለአንዳንድ ሰው፣ በተለይ ለአረጋውያን፣ በየቀኑ ሳይሆን ቀን እየተዘለለ ይታዘዛል። እንደዚያ ከሆነ የምትዋጥበትን ቀን ቀድማችሁ አክብቡት።

6. ከረሳችሁ

ከረሳችሁበት ሰዓት 12 ሰዓት ካላለፈ ትርታ ቆጥራችሁ ዋጡ። 12 ሰዓት ካለፈ ተዉት፤ ቀጣዩን በሰዓቱ ብቻ ውሰዱ። የማታ 1 ሰዓቱን የረሳ ሰው እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ድረስ ካስታወሰ መውሰድ ይችላል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ካስታወሰ ተዘሏል፤ ማታውን ይጠብቅ።

ሁለት በአንድ ላይ በጭራሽ አይዋጥም።

“መዋጤን እንጃ” ካላችሁና ምልክት ከሌለ እንዳልዋጣችሁ ሳይሆን እንደዋጣችሁ ቁጠሩት። አንድ ቀን መቅረት ከዕጥፍ ይሻላል። ሁለት ቀንና ከዚያ በላይ በተከታታይ ካመለጣችሁ በራሳችሁ ከመቀጠል ለሐኪም ደውሉ። ከዋጣችሁ በኋላ ካስመለሳችሁም በምትኩ ሌላ አትዋጡ፤ ምን ያህሉ እንደወጣ አይታወቅም።

7. ሲያስመልሳችሁ ወይም ሲያስቀምጣችሁ ቆም በሉ

ማስመለስና ተቅማጥ ከሰውነት ውሃና ፖታሲየም ያስወጣሉ። ፖታሲየም ሲያንስ ያው የተለመደው የዲጎክሲን መጠን ልብን ይመርዛል። ውሃ ሲያንስ ደግሞ ኩላሊት መድኃኒቱን ማስወጣት ያቅተዋል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ፣ መጠኑን ሳትጨምሩ፣ መድኃኒቱ ይበዛባችኋል። ላዚክስ ወይም ሌላ የሽንት መድኃኒት አብራችሁ የምትወስዱ ከሆነ አደጋው ይብሳል፤ እሱም ፖታሲየም ያስወጣል።

ስለዚህ ማስመለሱ ወይም ተቅማጡ ከጠና፣ ወይም አንድ ቀን ከዘለቀ፣ ቀጣዩን ከመዋጣችሁ በፊት ደውሉ። ማስመለሱ ራሱ የመድኃኒቱ መብዛት ምልክት ሊሆን እንደሚችልም አትርሱ። ኦአርኤስ ጥሩ ነው፤ የልብ ድካም ያለበት ሰው ግን ምን ያህል እንደሚጠጣ ይጠይቅ። “ሙዝ በልቼ እተካዋለሁ” ማለት አይበቃም። የፖታሲየም ክኒንም ያለ ትዕዛዝ አይገዛም፤ ሲበዛም ልብ ያቆማል።

ጸበል የምትሄዱ ሰዎች ይህን በደንብ አንብቡት። ጻድቃኔ ማርያም ወይም ሸንኮራ ዮሐንስ ሱባኤ ስትገቡ መድኃኒቱን ይዛችሁ ግቡ። ጸበሉን እየጠጡ መድኃኒቱን መውሰድ ይቻላል። በድንገት ማቋረጥ ልቡን እንደገና ያፈጥነዋል፤ ትንፋሽ ያጥራል፣ እግር ያብጣል። ጥንቃቄ የሚያሻው ሌላው ነገር ነው፦ ምግብ ሳይበሉ ብዙ ጸበል ጠጥቶ ደጋግሞ ማስመለስና ማስቀመጥ። ዲጎክሲንና ላዚክስ ለሚወስድ ሰው ይህ አደገኛ ነው። በልኩ ጠጡ። ከመሄዳችሁ በፊት ለሐኪማችሁ ንገሩ፤ አብሯችሁ ያለው ሰውም ትርታ መቁጠር ይልመድ። ኮሶም እንደዚያው ነው፤ ሆድ የሚያጥብ ማንኛውም የባህል መድኃኒት ከዲጎክሲን ጋር አይሄድም። አንዳንድ ዕፅዋትም ልክ እንደ ዲጎክሲን በልብ ላይ የሚሠራ ንጥረ ነገር አላቸው፤ ምንነቱን የማታውቁትን ቅጠልና ሥር አትጠጡ።

8. ሌላ መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት “ዲጎክሲን እወስዳለሁ” በሉ

በገበያ ቀን ወገቡን ያመመው ሰው ገብቶ “ዳይክሎፌናክ ስጠኝ” ይላል። የልብ ታካሚ መሆኑን አይነግርም፤ ወገብና ልብ ምን አገናኛቸው ብሎ ነው። ዳይክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ኩላሊትን ሊጎዱና ዲጎክሲን እንዲከማች ሊያደርጉ ይችላሉ። የልብ ድካምንም ያብሳሉ።

በደም ውስጥ ያለውን የዲጎክሲን መጠን ከፍ የሚያደርጉት የልብ መድኃኒቶቹ አሚዮዳሮንና ቬራፓሚል፣ አንቲባዮቲኮቹ ክላሪትሮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን፣ የወባ መድኃኒቱ ኪኒንም ናቸው። ስፓይሮኖላክቶንም ከፍ ሊያደርገው ይችላል። አሚዮዳሮን ሲጨመር ሐኪሙ ብዙ ጊዜ የዲጎክሲኑን መጠን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። አዲስ ሐኪም አሚዮዳሮን ካዘዘላችሁ ዲጎክሲን መውሰዳችሁን ማወቁን አረጋግጡ። በተቃራኒው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን መጠኑን ይቀንሳል። የጨጓራ ሽሮፕም እንዲሁ፤ በመካከላቸው ቢያንስ 2 ሰዓት ይኑር።

ሸዋ ሮቢትና ሌላውም ቆላ ወባ አለበት። ወባ ከያዛችሁ ሕክምናውን አትሽሹ፤ ግን መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት የልብ መድኃኒቶቻችሁን ዝርዝር አሳዩ። አንዳንድ የወባ መድኃኒቶች የልብ ምት ላይ ይሠራሉ።

አረቄና ጫት ተዉ። አልኮል ራሱ ምት ያዛባል፤ ጫት ያፈጥናል።

9. ክትትል ስትሄዱ ይህን ጠይቁ

“የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ መቼ ነው የተሠራልኝ?” ይህን መጠየቅ ነውር የለውም። መጠኑ ልክ መሆኑ የሚታወቀው በእነዚህ ነው። ኢሲጂም ያስፈልጋል። ዕድሜ ሲገፋ ኩላሊት ይደክማል፤ የዛሬ 5 ዓመት ልክ የነበረው መጠን ዛሬ ሊበዛ ይችላል። እርግዝና ካለ ወይም ከታሰበ አስቀድሞ ይነገር። ደብተሩን ይዛችሁ ግቡና ለሐኪሙ ዘርጉለት።

10. ስታስቀምጡትና ስትጓዙ

በራሱ ማሸጊያ፣ ደረቅ ቦታ፣ ከምድጃና ከፀሐይ ርቆ ይቀመጥ። ፍሪጅ አያስፈልገውም። ከጣርማ በር ቁልቁል ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ከብርድ ወደ ሙቀት ነው የምትገቡት፤ መድኃኒቱን የመኪና መስታወት ሥር አትተዉት፣ ከእጅ ቦርሳችሁ አይለይ። ቆላ ሰንብታችሁ ብዙ ካላባችሁ ትርታ መቁጠሩን አጥብቁ።

ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ለመግዛት ተነሡ። መንገድ ይዘጋል፣ ፋርማሲ ላይ ይጠፋል። ከጎረቤት አትበደሩ፤ ለጎረቤትም አታበድሩ።

ልጆች የማይደርሱበት ቦታ ያልኩት ለወጉ አይደለም። ጥቂት ፍሬ ሕፃን ልጅን ሊገድል ይችላል። ልጅ ከዋጠ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፤ ማሸጊያውን ይዛችሁ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ሩጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ መብዛቱን የሚያሳዩ ምልክቶች

- ምግብ መጥላት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ ሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥ
- ነገር ሁሉ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሆኖ መታየት፣ አምፖል ዙሪያ ክብ ብርሃን ማየት፣ ዓይን ብዥ ማለት
- ከወትሮው የተለየ ድካም፣ ማዞር፣ በአረጋውያን ላይ ደግሞ መርሳትና መቀባዠር
- የዘገየ ትርታ ወይም አዲስ ዓይነት የልብ መዝለል

ከእነዚህ አንዱ ከታየ ቀጣዩን አትዋጡ፤ በዚያው ቀን ለሐኪም ደውሉ ወይም ሂዱ። የመጀመሪያው ምልክት ብዙ ሰው ያሳስታል። እማማ ምግብ ይጠላሉ፤ ልጆቻቸው “ጨጓራዋ ነው” ብለው የጨጓራ መድኃኒት ይገዛሉ። ዲጎክሲኑ ግን በየማታው ይቀጥላል። ዲጎክሲን የሚወስድ ሰው ምግብ ሲጠላ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዲጎክሲኑ ነው።

ራስ መሳት፣ የደረት ሕመም፣ ከባድ የትንፋሽ ማጠር፣ የፊት መጣመም፣ የአንድ ወገን እጅ ወይም እግር መስነፍ፣ ምላስ መተሳሰር ካለ ደቂቃ አታባክኑ። የወረዳችሁን አምቡላንስ ወይም የቀይ መስቀልን 907 ደውሉ። ማሸጊያውንና ደብተሩን ይዛችሁ ሂዱ።

ሰዎች የሚደጋግሟቸው ስሕተቶች

“ተሻለኝ” ብሎ ማቆም። የተሻላችሁ መድኃኒቱ ምቱን ስለያዘው ነው። ማቆም ካለበት ሐኪሙ ይወስናል።

ቀጠሮ ቀን ጠዋት መድኃኒቱን ውጦ ደም መስጠት። ለምን እንደማይሆን ደረጃ 2 ላይ አለ።

ቁጥሩ ከ60 በታች ሆኖ “ሐኪም ያዘዘው ነው” ብሎ መዋጥ። ሐኪሙ ያዘዘው የዛሬውን ትርታችሁን ሳያይ ነው።

ላዚክሱን ሽንት ያበዛብኛል ብሎ አንድ ቀን መተው፣ በማግስቱ ሁለት መዋጥ። ፖታሲየሙ ይዋዥቃል፤ ዲጎክሲኑም አብሮ ይረበሻል። መንገድ የምትወጡበት ቀን ካስቸገራችሁ ሰዓቱን ስለመለወጥ ጠይቁ።

ሁለት ሐኪም ጋ እየታከሙ አንዱ ስለሌላው እንዳያውቅ ማድረግ። ሪፈር ተጽፎላችሁ ወደ አዲስ አበባ ከሄዳችሁና መጠኑ ከተለወጠ፣ ስትመለሱ አዲሱን ወረቀት ለደብረ ብርሃኑም ሐኪም አሳዩ። የድሮውን የተረፈ መድኃኒት ደግሞ ቤት አታስቀምጡ፤ ወደ ፋርማሲ መልሱት፣ እኛ እናስወግደዋለን።